ባለቤቱ ጥቁር፣ እንግዳው ብጫ፤ ስለ ቴኔሪፌ ደሴት የባሕር ዳር አሸዋ

ሳምንታዊ የአድማጮች ትምህርታዊ ዝግጅት

(የመግቢያ ዜማ፤ ጥቂት ከቆየ በኋላ ድምፁ እየቀነሰ ይሄዳል)

ሥራ የያዛችሁ ሥራችሁን ሳትተዉ፣ ያረፋችሁም በያላችሁበት ሆናችሁ፣ ጆሯችሁን ብቻ አውሱን። ዛሬ የምንወስዳችሁ ከአፍሪካ ምድር በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ከሞሮኮና ከሰሐራ ጠረፍ ማዶ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ከተበተኑት የካናሪ ደሴቶች ወደ ትልቂቱ፣ ወደ ቴኔሪፌ ነው።

ይህች ደሴት በአቀማመጧ የአፍሪካ ጎረቤት ስትሆን በመንግሥት ግን የእስፓኝ ናት። የብርድ አገር ሰዎች፣ እንግሊዞችና ጀርመኖች፣ በታኅሣሥና በጥር በረዶውን ሸሽተው ፀሓይ ሊሞቁባት ይጎርፋሉ። እኛ ግን ስለ ሆቴሎቿ ልናወራ አልተነሣንም። ርእሰ ነገራችን እግር የሚረግጠው፣ ልጆች የሚዝቁት፣ ማንም ልብ የማይለው ነገር ነው፤ እርሱም አሸዋ ነው።

ባገራችን ልማድ አንድ የማናውቀው ልጅ ደጃችን ሲቆም የምናስቀድመው ጥያቄ አለ፤ «የማን ልጅ ነህ?» እንለዋለን። ዛሬም ይህንኑ ጥያቄ ለአሸዋው እናቀርባለን። አንተ የባሕር ዳር አሸዋ፣ የማን ልጅ ነህ? ከወዴትስ መጣህ?

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ፤ በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዘመናትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተነገሩ ናቸው።

(የሞገድ ድምፅ፤ ከሩቅ)

ቴኔሪፌ ከባሕር ጥልቅ በእሳት የተወለደች ደሴት ናት። በመካከሏ የቆመው ቴይዴ የሚባለው ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላለው በእስፓኝ ግዛት ሁሉ አቻ የለውም። ይሁን እንጂ ዓይን የሚያየው ከቁመቱ ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው፤ ከውቅያኖሱ መሠረት ጀምሮ ቢለካ 7500 ሜትር ያህል ይደርሳልና።

የደሴቲቱ ጥንታውያን ነዋሪዎች ጓንቼ የሚባሉ፣ ከሰሜን አፍሪካ በርበሮች ወገን የሚቆጠሩ ሕዝብ ነበሩ፤ በዚህ ተራራ ሆድ ውስጥ ጓዮታ የሚሉት ርኩስ መንፈስ እንደሚኖር ያምኑ ነበር ይባላል። ክርስቶፎር ኮሎምቦስም በ1492 ወደማያውቀው ምዕራብ ሲጓዝ በአጠገቧ ባለፈ ጊዜ፣ ከተራራዋ ታላቅ እሳት ሲወጣ መታየቱ በጉዞው መዝገብ ላይ ሰፍሮ ይገኛል። በደሴቲቱ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ እሳት የፈነዳው በ1909 ነው፤ እንደ ምድር ዕድሜ ከሆነ ትናንት ማታ ማለት ነው።

እንግዲህ እሳቱ የሚተፋው ቅልጥ ድንጋይ ሲበርድ ባዛልት የሚባለው ጥቁር ድንጋይ ይሆናል። ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ በመተሐራ በኩል የተጓዘ ሰው በመንገዱ ዳር እስከ ሩቅ ተዘርግቶ የሚያየው ጥቁር የድንጋይ ሜዳ የዚሁ ዘመድ ነው። በመተሐራ ግን ድንጋዩ እንደ ፈሰሰ ደርቆ ቀርቷል፤ በቴኔሪፌ ከባሕር ጋር ተገናኝቷል። ልዩነቱ ይህ ነው።

ድንጋይና ባሕር ሲገናኙ ምን ይሆናል? ቅልጡ ድንጋይ ገና እንደ ጋለ ወደ ባሕር ሲወርድ፣ ውሃው በቅጽበት ፈልቶ ተን ይሆንና ድንጋዩን ይሰነጣጥቀዋል፤ ከዚያም የተረፈውን፣ ጠንክሮ ገደል የሆነውን፣ ሞገድ መዓልትና ሌሊት እየመታ ይፈረካክሰዋል። ከላይ ደግሞ ዝናም በዘነመ ጊዜ ደረቅ የነበሩት ሸለቆዎች በጎርፍ ሞልተው ከተራራው ወገብ የነቀሉትን ድንጋይ ሁሉ እያንከባለሉ ወደ ባሕር ያወርዳሉ። ባሕሩም ድንጋዩን በድንጋይ ላይ እያሸ ከብዙ ዘመን በኋላ ደቃቅ አሸዋ ያደርገዋል።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አገኘን። በቴኔሪፌ ዳርቻ ላይ ያለው የተፈጥሮ አሸዋ የተራራው ልጅ ነው፤ አባቱ ጥቁር ስለ ሆነ እርሱም ጥቁር ነው። ደግሜ እላለሁ፤ በዚህች ደሴት የቤቱ ባለቤት ጥቁሩ አሸዋ ነው።

ታዲያ በሥዕል ካርድ ላይ የምናየው ነጩና ወርቃማው አሸዋ ከየት ይመጣል? በብዙ ስፍራ የዚያ ምንጩ ሕይወት የነበረው ነገር ነው፤ የቀንድ አውጣና የሌሎች የባሕር ፍጥረታት ቅርፊት፣ እንደ ኖራ የጠነከረ የባሕር አረም፣ ሁሉም ተሰባብሮና ተፈጭቶ ነጣ ያለ አሸዋ ይሆናል። ለዚህ ደግሞ ረዥም ዘመን፣ እንዲሁም ሰፊና ጥልቀት የሌለው ባሕር ያስፈልጋል። ከካናሪ ደሴቶች በዕድሜ አንጋፋዋ ፉዌርቴቬንቱራ ከ20 ሚሊዮን ዓመት በላይ ስላስቆጠረች ተራሮቿ ተሸርሽረው ዝቅ ብለዋል፤ ዙሪያዋም ሜዳማ ስለ ሆነ ነጣ ያለ ረዥም ዳርቻ አላት። ቴኔሪፌ ግን ገና ጎረምሳ ናት፤ ከዳርቻዋ ጥቂት እልፍ ሲሉ ባሕሩ ወዲያው ገደል ይሆናል፤ ሞገድ የፈጨው አሸዋም ብዙው ወደዚያ ጥልቅ ተንሸራቶ ተመልሶ አይወጣም። ጥቁሮቹ ዳርቻዎች ጠባብና አጫጭር የሆኑበት አንደኛው ምክንያት ይህ ነው።

(ዕረፍት፤ አጭር የክራር ዜማ)

አሁን ወደ ምሥራቁ ጠረፍ እንውረድ። በዚያ ካንዴላሪያ የምትባል ከተማ አለች፤ በፊቷ ጥቁር አሸዋ፣ ከአሸዋው ፊት ለፊት ደግሞ በ1959 ሥራዋ የተፈጸመ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ትታያለች። ስለ ባሕር ዳርቻ ስንናገር ቤተ ክርስቲያን ምን አገባት የሚል አድማጭ ቢኖር ጥቂት ይታገሠን።

የአገሬው ትውፊት እንዲህ ይላል። እስፓኞች ደሴቲቱን ሳይዙ፣ ወንጌልም ሳይሰበክባት፣ ሁለት የጓንቼ እረኞች መንጋቸውን ይዘው ወደ ባሕሩ ዳር ሲወርዱ፣ በአሸዋው አጠገብ በድንጋይ ላይ ሕፃን የታቀፈች የሴት ምስል ቆማ አዩ። በልማዳቸው በምድረ በዳ ብቻዋን ያለች ሴትን ማነጋገር ነውር ነበርና በምልክት ዘወር እንድትልላቸው ነገሯት፤ ባለመንቀሳቀሷ አንደኛው ድንጋይ ሊወረውርባት እጁን ሲያነሣ እጁ ደርቃ ቀረች፤ ሁለተኛውም በስለት ሊፈትናት ሲሞክር የገዛ ጣቱን ቆረጠ። ኋላ የአገሩ ባላባት ምስሏን በክብር አስነሥቶ ወሰዳት፤ ከጊዜ በኋላም በዚያው በባሕሩ ዳር ባለ ዋሻ አኖሯት። ተማርኮ ሄዶ ተጠምቆ የተመለሰ አንድ ጓንቼ ነው ይህች የጌታ እናት ድንግል ማርያም ናት ብሎ ያስረዳቸው ይላሉ።

ዛሬ የካንዴላሪያዋ ማርያም የካናሪ ደሴቶች ሁሉ ጠባቂ ተብላ ትከበራለች፤ ፊቷም ጥቁር ነው። ክብረ በዓሏ በፌብሩዋሪ 2 እና በኦገስት 15 ይውላል፤ ሁለተኛው እኛ ፍልሰታ የምንለው የእመቤታችን የዕርገቷ በዓል ነው። በዋዜማው ሌሊት ምእመናን ከደሴቲቱ ልዩ ልዩ አውራጃ በእግራቸው ሲጓዙ አድረው ከዚያ ጥቁር አሸዋ አጠገብ ይደርሳሉ። በባሕሩ ዳር ደግሞ የዘጠኙ የጥንት ጓንቼ መሳፍንት የነሐስ ሐውልቶች ጀርባቸውን ለውቅያኖሱ ሰጥተው ቆመዋል።

ነገር ግን ባሕሩ የሰጠውን ምስል ባሕሩ መልሶ ወሰደው። በኖቬምበር 1826 ታላቅ ማዕበልና ጎርፍ በደሴቲቱ ላይ ወርዶ የጥንቱን ምስል ጠራርጎ ወደ ውቅያኖስ ከተተው፤ አሁን የምትታየው ከዚያ በኋላ የተቀረጸችው ናት። ጎርፍ አሸዋን ያመጣል ብለን ነበር፤ ይኸው ጎርፍ ያገኘውን ሁሉ ይዞ እንደሚሄድም አትርሱ። ማምጣቱም መውሰዱም የዚያው የአንዱ ውሃ ሥራ ነው።

(የሞገድ ድምፅ፤ ጠንከር ያለ)

በስተ ሰሜን ደግሞ ጋራቺኮ የምትባል ከተማ አለች። በ17ኛው ምእት ዓመት የደሴቲቱ ዋና ወደብ እርሷ ነበረች፤ ወይን ጠጅ የሚጭኑ መርከቦች የሚቆሙባት፣ ነጋዴዎች የከበሩባት፣ ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት የታነጹባት ከተማ ነበረች። በሜይ ወር 1706 ከከተማዋ በላይ ባለው ተራራ እሳት ፈነዳ፤ ቅልጡ ድንጋይም በገደሉ ቁልቁል እየወረደ የከተማዋን ብዙ ክፍል አቃጠለና ወደቡን ሞላው። መርከብ የሚቆምበት ውሃ ድንጋይ ሆነ። ንግዱም ወደ ሌሎች ወደቦች ሄደ።

ዛሬ በዚያው ስፍራ፣ ኤል ካሌቶን በሚሉት፣ ድንጋዩ ሲፈስ የተዋቸው ጎድጓዳ ቦታዎች የባሕር ውሃ እየሞላቸው እንደ ገንዳ ሆነዋል፤ በበጋ ሰው ይዋኝባቸዋል፤ ባሕሩ በተቈጣ ጊዜ ግን ይዘጋሉ። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ያች ከተማ በዚያ ቀን ከሰረች ወይስ አተረፈች? የከሰሩት ነጋዴዎች በጊዜያቸው ምን እንዳሉ ማሰብ አያስቸግርም፤ ዛሬ በገንዳዎቹ ዳር ምግብ ቤት ያለው ሰው ግን ሌላ መልስ ይሰጣችኋል።

አሁን የዛሬው ነገራችን ዋና ክፍል ወደ ሆነው ወደ እንግዳው አሸዋ እንምጣ።

ከዋና ከተማዋ ከሳንታ ክሩዝ ጥቂት ራቅ ብላ ሳን አንድሬስ የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር አለች፤ ከአጠገቧም ላስ ቴሬሲታስ የሚሉት ዳርቻ ይገኛል። ይህ ዳርቻ በጥንት ድንጋይ የበዛበት ጥቁር ነበር፤ ጥቁሩም አሸዋ ለቤትና ለሕንፃ ሥራ እየተጫነ ብዙው አለቀ። የከተማዋ ሹማምንት የውጭ አገር ሰው ፀሓይ ፍለጋ መምጣት በጀመረበት ዘመን አንድ የሚያኮራ ዳርቻ እንዲኖራቸው ፈለጉ፤ የሚያኮራ የመሰላቸው ግን የራሳቸው ጥቁር አልነበረም።

ታዲያ ምን አደረጉ? በ1973 ከሰሐራ በረሓ፣ ያን ጊዜ በእስፓኝ ቅኝ ግዛት ሥር ከነበረው ክፍል፣ ወደ 270 ሺህ ቶን የሚጠጋ ብጫ አሸዋ በመርከብ አስጭነው አመጡ። ልብ በሉ፤ በሰሐራ አሸዋ በነጻ ይገኛል፤ ዋጋ የሚያስወጣው ማጓጓዙ ነው። ያም አሸዋ በዳርቻው ላይ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ርዝመት ተዘረጋ፤ ዘንባባም ተተከለበት። ሞገድ በሁለትና በሦስት ክረምት ጠራርጎ እንዳይወስደው ደግሞ በባሕሩ ውስጥ ረዥም የድንጋይ ግድብ ተሠራ።

ከሁለት ዓመት በኋላ የሞሮኮ ሕዝብ በሰልፍ ወደዚያ የሰሐራ ክፍል ገባ፤ በ1976ም እስፓኝ አገሩን ለቅቃ ወጣች። አሸዋው ግን በቴኔሪፌ ቀረ፤ እየጎደለም ሲሄድ በ1998 ማሟያ ከዚያው ከሰሐራ እንደ ገና መጣለት።

እዚህ ላይ የራሴን ሐሳብ ብናገር አትቀየሙኝ። ላስ ቴሬሲታስን አልነቅፍም፤ በግድቡ ምክንያት ውሃው ጸጥ ያለ ስለ ሆነ ሕፃናት ያለ ሥጋት ይንቦጫረቁበታል፣ የከተማው ሰውም በእሑድ ቀን ቤተሰቡን ይዞ ይውልበታል። ግድብ ካልጠበቀው የማይቆም አሸዋ ግን፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ እንግዳ ነው። ይልቁንም የሚያሳዝነኝ ጥቁሩ አሸዋ እንደ ጉድለት መቈጠሩ ነው። ጥቁር አሸዋ ፀሓይ ሲያርፍበት የሚያብለጨልጭ፣ ሞገድ ሲመለስበት ነጩ አረፋ እንደ ጥልፍ የሚታይበት፣ በራሱ ግርማ ያለው ነገር ነው።

የሚያስገርመው ደግሞ ሰሐራ ወደ ቴኔሪፌ ለመምጣት መርከብ የማትጠብቅ መሆኗ ነው። አንዳንድ ጊዜ ነፋስ ከምሥራቅ ሲነሣ የበረሓውን ትቢያ ተሸክሞ በውቅያኖሱ ላይ ይሻገራል፤ ይህን የአገሩ ሰዎች ካሊማ ይሉታል። ሰማዩ ይደፈርሳል፣ መኪናውና መስኮቱ በቀይ ትቢያ ይሸፈናል፣ ሳንባ የሚያመው ሰው ይጨነቃል። በፌብሩዋሪ 2020 ካሊማው ከመበርታቱ የተነሣ የደሴቶቹ አውሮፕላን ማረፊያዎች ተዘግተው መንገደኞች ባሉበት ቀሩ።

(ዕረፍት)

አድማጮቻችን፣ እስካሁን ያልነውን በአጭሩ እንድገመው። ጥቁሩ አሸዋ የተራራው ልጅና የቤቱ ባለቤት ነው፤ ነጣ ያለው አሸዋ በሌላ ስፍራ ከቅርፊት የሚወለድ ነው፤ የላስ ቴሬሲታሱ ብጫ ደግሞ በመርከብ የመጣ እንግዳ ነው። ይህን ከያዛችሁ የሚቀጥለው ይቀላል።

በቴኔሪፌ ሰሜኑና ደቡቡ እንደ ሁለት አገር ናቸው። ከሰሜን ምሥራቅ ዘወትር የሚነፍስ፣ በመርከበኞች ዘንድ ከጥንት የታወቀ ነፋስ አለ፤ እርጥበት ይዞ መጥቶ ከተራራው ጋር ሲጋጭ ከፍ ብሎ ደመና ይሆናል። ስለዚህ ሰሜኑ አረንጓዴ ነው፤ የሙዝ እርሻው፣ ደኑ፣ ጉሙ ሁሉ በዚያ ነው። ነፋሱ ተራራውን ካለፈ በኋላ እርጥበቱን ጨርሷልና ደቡቡ ደረቅና ፀሓያማ ነው።

ይህ ደመና ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። በሰሜን ባለው አውሮፕላን ማረፊያ በማርች 27፣ 1977 በጉም መካከል ሁለት ታላላቅ አውሮፕላኖች በመሬት ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች አለቁ። በደቡብ፣ ሰማዩ በጠራበት በኩል፣ ሌላ ማረፊያ በማግሥቱ ዓመት ተከፈተ፤ ከዚያ በኋላ የዕረፍት መንገደኛው ሁሉ በዚያ በኩል መግባት ጀመረ። በ1960ዎቹ መሠራት የጀመረው ፕላያ ዴ ላስ አሜሪካስ የሚሉት የመዝናኛ ከተማና ጎረቤቱ ሎስ ክሪስቲያኖስም እየሰፉ ሄዱ። በዚያ በኩል ብጫ አሸዋ የምታዩበት ብዙው ዳርቻ በሰው እጅ የተሠራ ወይም የተስተካከለ ነው።

ሁሉም ግን አይደለም። በደቡብ ምሥራቅ ኤል ሜዳኖ የሚባለው ነፋሻማ ዳርቻ ያለ መርከብ ፈዘዝ ያለ አሸዋ ያገኘ ነው፤ ከአጠገቡም ሞንታኛ ሮሃ የሚሉት፣ ቀይ መልክ ያለው የጥንት እሳት ኮረብታ ቆሟል። ማጄላን ዓለምን የሚዞረውን ጉዞ በ1519 ሲጀምር፣ የመርከብ ስንጥቅ የሚደፈንበት ዝፍት ለመጫን በዚህ ኮረብታ አጠገብ እንደ ቆመ አብሮት የተጓዘው ፒጋፌታ ጽፏል። ማጄላን ራሱ ከሁለት ዓመት በኋላ በፊሊፒን ደሴቶች ተገደለ። ዛሬ በዚያ ነፋስ በሸራ የሚነዳ ሰሌዳ ላይ ቆመው የሚንሳፈፉ ወጣቶች ይጫወታሉ።

ሳይረግጧት ያለፉም አሉ። ቻርልስ ዳርዊን በወጣትነቱ ስለ ቴኔሪፌ አንብቦ ልቡ እጅግ ናፍቋት ነበር፤ በጃንዋሪ 1832 መርከባቸው ከፊቷ ሲደርስ ግን ከእንግሊዝ አገር የኮሌራ በሽታ ይዛችሁ እንዳይሆን ተብለው ለብዙ ቀን ተገልለው እንዲቆዩ ታዘዙ። የመርከቡ አዛዥ መቆየቱን አልወደደም፤ ሸራውን ዘርግቶ ሄደ። ወጣቱ ሊቅም ተራራውን ከሩቅ አይቶ አለፈ።

በሰሜን ጥቁሩ አሸዋ እንደ ጉድለት ያልተቈጠረበት ስፍራም አለ። በፑዌርቶ ዴ ላ ክሩዝ ከተማ ያለውን ፕላያ ሃርዲን የሚባለውን ዳርቻ ያቀደው ሴሳር ማንሪኬ ነው፤ የላንሳሮቴ ደሴት ተወላጅ፣ ሠዓሊና የሕንፃ ጥበብ ሰው ነበረ፤ በ1992 በመኪና አደጋ ሞተ። ማንሪኬ የአሸዋውን ቀለም አልለወጠም፤ ጥቁሩን እንደ ጥቁርነቱ ትቶ በዙሪያው አትክልትና ድንጋይ አስማማለት። ይሁን እንጂ ይህም ዳርቻ በ2024 የቆሻሻ ውሃ ተቀላቅሎበት ተገኝቶ ለወራት ለዋና ተዘጋ። ጥበብ ያስዋበውን ቦይ ሊያበላሸው ይችላልና።

(የሞገድ ድምፅ፤ ከዚያ ጸጥታ)

በአውሮፓ የምትኖሩና ለዕረፍት ወደዚያ የምትሄዱ አድማጮች እንዳላችሁ እናውቃለንና ስለ ጥንቃቄ ጥቂት እንናገር።

አንደኛው ነገር ሙቀት ነው። ጥቁር ነገር የፀሓይን ሙቀት ይጠጣል፤ ስለዚህ በቀትር ጊዜ በጥቁር አሸዋ ላይ ባዶ እግሩን የሚሮጥ ሰው እግሩን ይለበለባል። ጫማችሁን እስከ ውሃው አፋፍ አታውልቁ።

ከዚህ የሚበልጠው ግን የባሕሩ ኃይል ነው። በሰሜን በኩል፣ ለምሳሌ በአናጋ ተራሮች ግርጌ ባለው ቤኒሆ በሚባለው ውብ ዳርቻ፣ ከውቅያኖሱ ልብ የሚመጣው ሞገድ የሚያግደው ነገር ሳያገኝ ይደርሳል፤ በብርዱ ወራት ይብሳል። ሞገዱ ወደ ዳር የገፋው ውሃ መመለሻ ይፈልግና በአንድ ጠባብ መንገድ ተሰብስቦ ወደ ጥልቁ ይሮጣል፤ በዚያ ላይ የወደቀ ሰውም ወደ ውስጥ ይወሰዳል። ምን ማድረግ ይገባዋል? በቀጥታ ወደ ዳር ልመለስ ብሎ ከውሃው ጋር አይታገል፤ ጉልበቱ ያልቅበታል። ከዳርቻው ጎን ለጎን ይዋኝ፤ ከጠባቡ መንገድ ሲወጣ ያን ጊዜ ወደ ዳር ይመለስ። ይህን ደግሜ እላለሁ፤ ከውሃው ጋር አትታገሉ፤ ጎን ለጎን ዋኙ።

በጠባቂዎች በሚጠበቅ ዳርቻ ላይ ሰንደቅ ይሰቀላል፤ አረንጓዴው ዋኙ፣ ብጫው ተጠንቀቁ፣ ቀዩ አትግቡ ማለት ነው። ቀዩን አይቶ «እኔ ዋና እችላለሁ» የሚል ሰው እንዲያድነው የሚገባውን ጠባቂ ነፍስ አብሮ በአደጋ ላይ ይጥላል።

ለማስታወሻ ብላችሁም አሸዋውን በጠርሙስ አትሙሉ። በእስፓኝ ሕግ ያለ ፈቃድ አሸዋና ድንጋይ ከባሕር ዳር ማንሣት ክልክል ነው። ይኸው የ1988 የባሕር ዳርቻ ሕግ ሌላም መልካም ነገር ደንግጓል፤ የባሕር ዳር የሕዝብ ሀብት ነው፤ ሆቴል ቢሠራበት እንኳ ባለሆቴሉ አሸዋውን አጥሮ ለእንግዶቼ ብቻ ሊል አይችልም።

ሕጉ እንዲህ ቢልም ነዋሪው ተጨንቋል። የደሴቲቱ ሕዝብ ከአንድ ሚሊዮን ትንሽ ያንሳል፤ በዓመት የሚመጣው እንግዳ ግን ከስድስት ሚሊዮን በላይ ነው። የቤት ኪራይ ከፍ አለ፣ መንገዱ ተጨናነቀ፣ ውሃ አጠረ። በአፕሪል 20፣ 2024 በካናሪ ደሴቶች ሁሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወደ አደባባይ ወጥቶ «የካናሪ ደሴቶች ወሰን አላቸው» ሲል ጮኸ። እንግዳን አንወድም አላሉም፤ ከእንግዳው ብዛት የተነሣ ባለቤቱ የሚያድርበት አጣ ነው ያሉት።

(የክራር ዜማ፤ በዝግታ)

ከመሰናበታችን በፊት ወደ ጎረቤት ደሴት፣ ወደ ላ ፓልማ፣ እንሻገር፤ ዳርቻ እንዴት እንደሚወለድ በዘመናችን በዓይን የታየው በዚያ ነውና።

በሴፕቴምበር 19፣ 2021 በዚያች ደሴት ኩምብሬ ቪዬሃ በሚባለው የተራራ ሰንሰለት ላይ እሳት ፈነዳ፤ ለ85 ቀን ያህልም አልበረደም። ከአንድ ሺህ በላይ መኖሪያ ቤቶች፣ የሙዝ እርሻዎች፣ መንገዶች፣ ቤተ ክርስቲያንም ሳይቀር፣ ከድንጋይ በታች ሆኑ። በዘጠኝ ቀኑ ቅልጡ ድንጋይ በገደሉ ወርዶ ከባሕር ገባ፤ ተኑ ወደ ሰማይ ወጣ፤ ሎስ ጊሬስ የሚባለው የወጣቶች መጫወቻ ዳርቻም በኋላ ተሸፍኖ ጠፋ። በምትኩ በባሕሩ ላይ ከዚያ በፊት ያልነበረ አዲስ ምድር ተዘረጋ፤ በእግሩም ሥር ባሕሩ ወዲያውኑ መፍጨት ጀምሮ ብዙ ሳምንት ሳይቆይ ትናንሽ ጥቁር ዳርቻዎች ታዩ።

ያ አዲስ ምድር የማን ነው? ቤቱና እርሻው ከላይ የተቀበረበት ገበሬ የጠፋብኝን በባሕር በኩል ልካሥ ቢል የሚገርም አይሆንም። ሕጉ ግን ከባሕር ላይ የተገኘ ምድር የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ነው ይላል፤ ስለዚህ ገበሬው በአዲሱ ምድር ላይ ከማንም መንገደኛ የሚበልጥ መብት የለውም። ይህ ፍርድ ትክክል ነው ወይስ አይደለም? ሐሳባችሁን በደብዳቤ ጽፋችሁ ላኩልን፤ የተመረጡትን በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት እናነብባለን። እስከዚያው ደኅና ሰንብቱ።

(የመዝጊያ ዜማ)